ሩዝ በስሎው ኩከር፦ ገንፎ ሳይሆን፣ ሳያር

«ሩዙ ገንፎ ሆነብኝ፣ ምን ላድርግ?» የሚል ጥያቄ ሳይመጣልኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ከእህቴ ይመጣል፣ ከጎረቤት ይመጣል፣ ከማኅበር ጓደኞቼ ይመጣል። ሌላው ደግሞ «ዙሪያው አሮ መሃሉ ጥሬ ነው» ይለኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የምነግራችሁ ልክ እዚህ ሠርቼ ያየሁት ነው። ባሕር ዳር ወይም ፍኖተ ሰላም ላላችሁ የሚለወጠውን እየነገርኩ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ስሎው ኩከር፣ በመብራት ቀስ ብሎ ለሰዓታት የሚያበስለው ድስት፣ ሩዝ ኩከር አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሩዝ ኩከር ሩዙ ውሃውን ጠጥቶ ሲጨርስ የድስቱ ሙቀት ከፍ ማለቱን ያውቅና ራሱ ማብሰሉን ያቆማል። ስሎው ኩከር ይህን አያውቅም። ውሃው አለቀ አላለቀ፣ ሩዙ ደረሰ አልደረሰ፣ ማሞቁን ይቀጥላል። በሰዓት የሚጠፋ ዓይነት ቢሆንም የሚያየው ሰዓቱን እንጂ ሩዙን አይደለም። ስለዚህ ማወቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። የምታውቁትም በሁለት ነገር ነው፤ በውሃው ልክና በሰዓቱ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ለመያዝ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ይህ ልክ ለ4 ወይም ለ5 ሰው ይበቃል።

- ከ3 እስከ 4 ሊትር የሚይዝ ስሎው ኩከር
- 2 ብርጭቆ ሩዝ
- 4 ብርጭቆ ተኩል የፈላ ውሃ (ይህ ለደብረ ማርቆስ ነው፤ ለባሕር ዳር 4 ብርጭቆ ከሩብ)
- 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም የተነጠረ ቅቤ፣ ድስቱን ለመቀባት ደግሞ ትንሽ ጨምሩበት
- 1 የሻይ ማንኪያ ጨው
- ሰፌድ፣ ማጥለያ፣ ውሃ ማፍያ
- ንጹሕና ደረቅ የወጥ ቤት ፎጣ
- ሹካ
- ስልክ፣ ሰዓት ለመሙላት

ብርጭቆው የትኛውም ይሁን፣ ሩዙም ውሃውም በዚያው በአንዱ ብርጭቆ ይለካ። ባሕር ዳር ያለችው እህቴ «ልክሽን ተከትዬ ሾርባ ሆነብኝ» ብላ ደወለችልኝ። እስኪ እያንዳንዱን ንገሪኝ አልኳት። ሩዙን የለካችው በሻይ ብርጭቆ ነው፤ ውሃውን የለካችው እጀታ ባለው ትልቁ ኩባያ ነው። ኩባያው የብርጭቆውን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ሌላ ጥፋት አልነበረባትም። በማግስቱ በአንዱ ብርጭቆ ለክታ ሠራችው፤ ፎቶውን ላከችልኝ፣ ፍሬው አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ስለ ሩዙ ዓይነት ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ውሃው በዚያ ይለወጣል። ከላይ ያለው ልክ ከውጭ ለሚመጣው ረጅም ነጭ ሩዝ ነው። ከጣና ማዶ የሚመጣልን የፎገራ ሩዝ ፍሬው አጠር ያለ ነው፣ ስታርቹ (የሚያጣብቀው ዱቄቱ) ይበዛል፣ ቶሎ ይያያዛል። ለሱ ከላይ ካለው ልክ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ቀንሱ፣ እጥበቱን ደግሞ ጨምሩ። ቀድሞ ተቀቅሎ የደረቀ፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ የሚያደላ ሩዝም ገበያ ላይ አለ። በስሎው ኩከር ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ በሱ ጀምሩ። ውሃ ትንሽ ቢበዛበትም ሰዓት ትንሽ ቢያልፍበትም ቶሎ አይፈርስም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ታችኛውን ጽሑፍ አንብቡ

እዚህ አገር ካሉት ስሎው ኩከሮች ብዙዎቹ ዘመድ ከውጭ ያመጣቸው ናቸው። ዕቃውን ገልብጡና ታቹ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ እዩ። ከ220 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ችግር የለም፣ የኛ መብራት 220 ነው። 110 ወይም 120 ቮልት የሚል ከሆነ ግን የተሠራው ለአሜሪካ መብራት ነውና እንዳትሰኩት! 120 ቮልት ለሚለው ዕቃ 220 ሲገባበት ሙቀቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። የኔ የመጀመሪያው ዕቃ የጠፋው በዚህ ነው። የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ አመጣችልኝ፣ የሶኬቱን ጫፍ በመቀየሪያ አገናኝቼ ሰካሁት፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው።

የሶኬት መቀየሪያው የጫፉን ቅርጽ ብቻ ነው የሚለውጠው፤ መብራቱን አይቀንስም። የሚያስፈልጋችሁ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው። ስትገዙ ዋቱን እዩ። ስሎው ኩከሩ 250 ዋት የሚል ከሆነ ትራንስፎርመሩ 500 ዋት ይሁን፤ ልክ በልኩ ከሆነ ለሰዓታት ሲሠራ ይግላል።

ስሎው ኩከር በአብዛኛው ከ200 እስከ 300 ዋት ነው የሚፈልገው። የእንጀራ ምጣድ ከሚበላው አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ከሰል በተወደደበት ጊዜ ሰዉ ወደሱ የዞረው ወዶ አይደለም።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

1. ሩዙን ልቀሙት። ከውጭ የመጣው የታሸገ ከሆነ በዓይን ማየት ይበቃል። በጣሳ ተሰፍሮ የተገዛ የፎገራ ሩዝ ከሆነ ግን በሰፌድ አንፍሱት፣ ከዚያ ቀጠን አድርጋችሁ ዘርጉና መስኮት አጠገብ ሆናችሁ ልቀሙት። ገለባው ቀላል ነው፣ ሲነፈስ ይሄዳል። የሚያስቸግረው ጠጠሩ ነው። ነጭ ጠጠር ከሩዙ ጋር አንድ ዓይነት ይመስላል፤ የሚለየው ብርሃን ሲያርፍበት ነው። የሩዝ ፍሬ ብርሃን በትንሹ ያሳልፋል፣ ጠጠር አያሳልፍም። ሰፌዱን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጉት፣ ድፍን ብሎ የሚቀረውን አውጡት። ጥርስ የሚሰብረው ይህ ስለሆነ ለሕፃንና ለአረጋዊ በምታበስሉበት ቀን ሁለቴ ልቀሙ።

2. እጠቡት፣ ውሃው እስኪጠራ። ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጉት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ፣ በጣታችሁ በቀስታ አማስሉት። እንደ ልብስ አትሹት፣ ፍሬው ይሰባበራል። የመጀመሪያው ውሃ ወተት ይመስላል። ድፉትና ድገሙት። ለረጅሙ ሩዝ ሦስት ጊዜ ይበቃል፤ የፎገራው አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ይፈልጋል። ያ ወተት የሚመስለው ስታርች ነው። ምድጃ ላይ ስታበስሉ እሳቱ ኃይለኛ ስለሆነ ቶሎ ይጠናቀቃል፤ ስሎው ኩከር ውስጥ ግን ስታርቹ ለሁለት ሰዓት ሙቅ ውሃ ውስጥ ይቀመጣልና ሙጫ ይሆናል። ገንፎ ሆነብኝ ከሚሉኝ ሰዎች ግማሾቹ አንዴ ብቻ አለቅልቀው የጨመሩ ናቸው።

ሲጨርስ በማጥለያ አጥልሉትና 5 ደቂቃ ይንጠፍጠፍ። ሩዙ ላይ የቀረው ውሃ ካልተንጠፈጠፈ የለካችሁት ልክ ልክ አይደለም ማለት ነው።

3. ድስቱን አሙቁትና ቀቡት። የስሎው ኩከር ውስጠኛ ድስት ሴራሚክ ነው። ቀዝቃዛ ሴራሚክ ላይ የፈላ ውሃ በድንገት ከተገለበጠበት ሊሰነጠቅ ይችላል። ማርቆስ ጠዋት ጠዋት፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ድስቱ በእጅ ሲነካ በረዶ ነው። ስለዚህ ለብ ያለ ውሃ አድርጉበትና 5 ደቂቃ አቆዩት። ከዚያ ድፉት፣ አድርቁት፣ ታቹንና ጎኑን እስከ መሃል ድረስ ዘይት ቀቡት። የስሎው ኩከር ሙቀት በብዛት የሚመጣው ከጎን ነው። ዘይት ያልተቀባ ጎን ላይ ሩዙ ይጣበቃል፣ ይደርቃል፣ ያራል።

4. ውሃውን ለብቻው አፍሉት። ይህን ደረጃ እንዳትዘሉት። በቀዝቃዛ ውሃ ከጀመራችሁ ስሎው ኩከሩ ውሃውን ለማሞቅ ብቻ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሩዙ ሳይበስል ይርሳል፣ ላዩ ይሟሟል፣ መሃሉ ጥሬ ይቀራል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ብዙ መቆየቱ ለጀርምም ይመቻል። ውሃው ከፈላ በኋላ 2 ደቂቃ አቆዩትና ለኩ። ለክታችሁ አታፍሉት፤ ሲፈላ የተነነው ይጎድላችኋል።

5. ሩዝ፣ ጨው፣ ዘይት፣ ውሃ፤ አንዴ አማስሉና ተዉት። ሩዙን አስገቡ፣ ጨውና ዘይቱን ጨምሩ፣ ውሃውን በቀስታ አፍስሱ። አንዴ ዞር ዞር አድርጋችሁ ላዩን አስተካክሉ። ጎን ላይ ተለጥፈው የቀሩ ፍሬዎች ካሉ በማንኪያ ወደ ውሃው ግፏቸው፤ ከውሃው በላይ የቀረ ፍሬ አይበስልም። ከዚህ በኋላ ማማሰያ አያስፈልግም። ሩዝ በተማሰለ ቁጥር ስታርች ይተፋል።

ድስቱ ሲጀመር ቢያንስ ሲሶው ይሙላ፣ ከግማሽ ግን አይለፍ። ሩዝ ሲበስል ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ለአንድ ሰው ብለው ትልቅ ድስት ውስጥ ግማሽ ብርጭቆ ሩዝ የሚጨምሩም አሉ፤ ያ ያራል፣ ምክንያቱም ስስ ሆኖ ታቹ ላይ ይነጠፋል።

6. ክደኑና ሃይ ላይ አድርጉት። መዞሪያው ላይ ሎው (ዝቅተኛ ሙቀት)፣ ሃይ (ከፍተኛ ሙቀት) እና ዋርም (ሞቆ ማቆያ) አለ። ለሩዝ ሃይ ነው። ሎው ለሥጋና ለባቄላ ጥሩ ነው፤ ሩዝ ግን አምስት ስድስት ሰዓት ሎው ላይ ከቆየ ላዩ ይፈርሳል። ዋርም የበሰለ ምግብ ሞቆ እንዲቆይ ነው፣ ምንም ነገር አይበስልበትም።

የሚወስደው ጊዜ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ ከ2 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፤ ባሕር ዳር ከ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ከሩብ። ልዩነቱ የሚመጣው ከከፍታው ነው። ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ እዚያ 94 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። 2 ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፤ ሩዝ ላይ ግን ሩብ ሰዓት ታመጣለች። ከውጭ መጽሐፍ ያነበባችሁት ሰዓት እዚህ የማይሠራላችሁም ለዚህ ነው፤ የተጻፈው ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት አገር ነው። እንጅባራ ያላችሁ እንደ ማርቆስ ቁጠሩት፤ ፍኖተ ሰላም ያላችሁ ወደ ባሕር ዳሩ ትቀርባላችሁ።

7. ክዳኑን አትክፈቱ። ማየት ያምራችኋል፣ አውቃለሁ። ክዳኑ አንዴ ሲነሳ እንፋሎቱ ወጥቶ ያልቃል፤ ይህ ዕቃ ደግሞ ኃይሉ ትንሽ ስለሆነ ያን ሙቀት ለመመለስ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ሦስቴ ያየ ሰው አንድ ሰዓት ጨመረ ማለት ነው። ክዳኑ መስታወት ከሆነ ላዩን በጣታችሁ መታ መታ አድርጉት፣ የያዘው ላብ ይወርዳል፣ ውስጡ ይታያል። ስልካችሁን ማርቆስ ከሆናችሁ ለ2 ሰዓት፣ ባሕር ዳር ከሆናችሁ ለ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሙሉና ወደ ሌላ ሥራችሁ ሂዱ።

8. ፈትሹ። ስልኩ ሲጮህ ክዳኑን በፍጥነት አንሱ። ላዩ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች ታያላችሁ፣ ውሃም ተኝቶ አይታይም። ከመሃል ጥቂት ፍሬ በማንኪያ አውጡ። ጎኑ ቀድሞ ስለሚበስል አያስተማምንም፤ ከመሃል ይሁን። አንዱን ፍሬ በሁለት ጣት ጭመቁት። ሙሉ በሙሉ ከተዳጠ ደርሷል። መሃሉ ላይ ነጭ ጠንካራ ነጥብ ከቀረ መልሳችሁ ክደኑና 15 ደቂቃ ጨምሩ። ውሃው አልቆ ፍሬው ገና ከሆነ ሩብ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ዙሪያውን አርከፍክፉበት። ቀዝቃዛ እንዳታደርጉ፣ ለሩዙም ለድስቱም አይሆንም።

9. አጥፉ፣ ፎጣ አድርጉ፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ከሶኬቱ ንቀሉት። ከዚያ ደረቁን ፎጣ በድስቱ አፍና በክዳኑ መሃል ዘርጉት፣ የተንጠለጠለውን ጫፍ ወደ ክዳኑ ላይ እጠፉት። ክዳኑ የያዘው ላብ ሩዙ ላይ መልሶ ከመንጠባጠብ ፎጣው ይጠጣዋል። የላይኛው ሽፋን እርጥብ ሆኖ የሚቀርባችሁ በዚያ ጠብታ ነው። ፎጣውን ዕቃው እየሠራ እያለ አታድርጉት፤ የሚግለውን ጎን ከነካ ይቃጠላል።

10. በሹካ ፈልፍሉት። በማንኪያ ወይም በጭልፋ አትጫኑት። ሹካውን ከጎን አስገብታችሁ ወደ ላይ አንሱ፣ ፍሬው ይለያያል። ቅቤ የምትጨምሩ ከሆነ አሁን ነው፤ የተነጠረ ቅቤ መዓዛው የሚቀረው መጨረሻ ላይ ሲገባ ነው። የጾም ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ይበቃዋል።

መብራት ቢጠፋስ?

የሁላችሁም ሁለተኛ ጥያቄ ይህ ነው። ሩዙ ገብቶ መብራት ከሄደ መጀመሪያ ሰዓት እዩ፣ ቀጥሎ ሶኬቱን ንቀሉ። መብራት ሲመለስ አንዳንዴ ኃይሉ ከፍ ብሎ ይመጣልና ዕቃውን ይጎዳል። ክዳኑን አትንኩት። ሴራሚኩ ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ግማሽ ሰዓት ድረስ ብዙም አይጎዳም። መብራቱ ሲመለስ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ስኩ፣ የጠፋበትን ያህል ጊዜና ከዚያ ላይ 15 ደቂቃ ጨምሩ።

ግማሽ ሰዓት ካለፈ አትጠብቁ። ሩዙን ከነውሃው ወደ ብረት ድስት ገልብጡና በከሰል ወይም በጋዝ ጨርሱት። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፤ ከሰሉ ነድዶ ነበልባሉ ሲበርድ ረመጡን ትንሽ በተን አድርጌ ድስቱን እጥዳለሁ፣ ጥብቅ አድርጌ እከድነዋለሁ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ምክንያቱም ሩዙ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ሴራሚኩን ራሱን ግን ከሰል ላይም ጋዝ ላይም እንዳትጥዱት፤ ለቀጥታ እሳት አልተሠራም፣ ይፈነዳል።

መዞሪያ ያለው ዓይነት መብራት ሲመለስ ራሱ ይቀጥላል። በቁልፍ የሚነካው ዲጂታሉ ግን ብዙውን ጊዜ ጠፍቶ ይቀራል። ቤት ሳትኖሩ መብራት ሄዶ ከመጣ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየም ካላወቃችሁ፣ ሩዙ የበሰለ ቢመስልም ጣሉት። ያሳዝናል፣ ግን ጣሉት። ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ።

ማስጠንቀቂያ

ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ባክቴሪያ ይኖራል። ዘሩ ሩዙ ሲፈላም አይሞትም። ሩዙ ከበሰለ በኋላ ለብ ብሎ ሲቀመጥ ይነቃና ይራባል፣ መርዝም ያመነጫል። ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣው ይህ ነው። መርዙ ደግሞ ሩዙን መልሳችሁ ብታሞቁት አይጠፋም። ስለዚህ፦

- የበሰለ ሩዝ ከሙቀት ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥ። «ክረምት ነው፣ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው» አይሠራም፤ ድስት ሙሉ ሩዝ መሃሉ ለሰዓታት ለብ ብሎ ይቆያል።
- የተረፈውን ሰፊ ትሪ ላይ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት፣ እንፋሎቱ ሲቆም ወዲያው ፍሪጅ። ድስቱን እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡ። በማግስቱ ጨርሱት፣ የምታሞቁትም አንዴ ብቻ፣ እንፋሎት እስኪያወጣ ድረስ።
- ስታሞቁ በስሎው ኩከር አይደለም። ቀስ ብሎ የሚያሞቅ ዕቃ ባክቴሪያው የሚወደው ሙቀት ላይ ረጅም ጊዜ ያቆየዋል። በመጥበሻ ወይም በድስት አሙቁት።
- ፍሪጅ ከሌላችሁ የምትበሉትን ያህል ብቻ አብስሉ።
- መብራት በጠፋበት ሰዓት ሩዝና ውሃ ጨምራችሁ «ሲመጣ ራሱ ይጀምር» ብላችሁ ሰክታችሁ አትሂዱ። ይህን የሚያደርግ ብዙ ሰው አውቃለሁ። መብራቱ ከአራት ሰዓት በኋላ ቢመጣ ያ ሩዝ አራት ሰዓት ውሃ ውስጥ ሲቦካ ነው የዋለው።

ሌላው ቦሎቄ ነው። ሩዝ በቦሎቄ የምትወዱ፣ ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ስሎው ኩከር ውስጥ በፍጹም አትጨምሩ። ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ሆድ የሚያውክ መርዝ አለ፤ የሚጠፋው በደንብ ሲፈላ ብቻ ነው። ስሎው ኩከር ያን ያህል ላያፈላው ይችላል፣ እንዲያውም በዝቅተኛ ሙቀት መርዙ ሊብስ ይችላል። ሌሊቱን ዘፍዝፉት፣ መዘፍዘፊያውን ውሃ ድፉ፣ በአዲስ ውሃ ምድጃ ላይ እየተንተከተከ 30 ደቂቃ ይፍላ፣ ከዚያ እስኪለሰልስ ቀቅላችሁ ጨርሱት። ሩዙ ላይ የሚጨመረው የበሰለው ነው።

አትክልት ለምትጨምሩ

ካሮትና ድንች ስሎው ኩከር ውስጥ ከሩዝ ይልቅ ይዘገያሉ። ሰው የሚያስበው በተቃራኒው ነው። በትናንሹ፣ የሽምብራ ፍሬ ያህል አድርጋችሁ ክተፏቸውና ከታች አንጥፏቸው፣ ሩዙ ከላይ ይሁን። ሽንኩርቱን ለብቻ በመጥበሻ አቁላሉት፤ ስሎው ኩከር ሽንኩርት አያቁላላም፣ ይቀቅለዋል እንጂ፣ ጥሬ ጥሬ ይሸታል። እርድ ከጨመራችሁ ከሽንኩርቱ ጋር ይግባ። ጎመንና ቃሪያ መጨረሻ 15 ደቂቃ ሲቀር ነው፤ ያኔ ክዳኑ አንዴ ይከፈታል፣ መፈተሻውም በዚያው ይሁን። አትክልቱ ራሱ ውሃ ስለሚያወጣ ከልኩ ሩብ ብርጭቆ ቀንሱ።

እሁድ ከቅዳሴ በፊት የምትጥዱ፣ እንዲህ አስሉት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሃይ ላይ ከተደረገ 3 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ቤተ ክርስቲያን የምትቆዩት ከዚያ በላይ ከሆነ ቤት የሚቀር ሰው ያጥፋው፣ ቤት የሚቀር ሰው ከሌለ ስትመለሱ ጣዱት። ሁለት ሰዓት ተኩል መጠበቅ ይሻላል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

*ገንፎ ሆነ።* በቂ አልታጠበም፣ ወይም ውሃው በዝቷል፣ ወይም ተማስሏል። አንዴ ከሆነ አይመለስም፤ ወተትና ስኳር ጨምራችሁ ለልጆች ቁርስ አድርጉት።

*ዙሪያው አረ፣ መሃሉ ደህና ነው።* ዘይት አልተቀባም ወይም ሩዙ ለድስቱ አንሷል። መሃሉን አውጡት፣ ያረውን አትፈቅፍቁት፣ ሽታው ወደ ሌላው ይሄዳል።

*ታቹ በሰለ፣ ላዩ ጥሬ ነው።* ክዳኑ በተደጋጋሚ ተከፍቷል፣ ወይም ክዳኑ በደንብ አይገጥምም። የሚያፈስ ክዳን ካላችሁ ላዩን በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍናችሁ ክደኑት።

*ሰዓቱ ሞልቶ ውሃው አልሞቀም።* ዕቃውን ፈትሹ። ግማሽ ድረስ ውሃ ሙሉትና ሃይ ላይ አድርጉት። ከሦስት ሰዓት በኋላ ጎኑ ላይ አረፋ ካላወጣ ማሞቂያው ደክሟል፣ ምግብ አታብስሉበት። ያገለገለ ዕቃ የምትገዙ ሰዎች ይህን ሳትሞክሩ ብር አትክፈሉ።

*ጨው የለውም።* ከበሰለ በኋላ የሚጨመር ጨው ላዩ ላይ ይቀራል። ከመጀመሪያው ከውሃው ጋር ይግባ፣ ፍሬው አብሮ ይጠጣዋል።

ማጠብ

ድስቱ እስኪበርድ ተዉት። ትኩስ ሴራሚክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስና ቀዝቃዛው ላይ የፈላ ማፍሰስ አንድ ናቸው፣ ሁለቱም ይሰነጥቁታል። የተጣበቀ ሩዝ ካለ ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ሳሙና አድርጋችሁ ለአንድ ሰዓት ዘፍዝፉት፣ በጣት ይነሳል። በብረት ሽቦ አትፈትጉት፤ ሽቦው የሚያስቀረው ጭረት ላይ በሚቀጥለው ጊዜ ሩዙ ይይዛል። ውጭኛውን፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ያለበትን ክፍል፣ ውሃ ውስጥ እንዳትነክሩት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉት፣ በደረቅ ድገሙት፣ ሶኬት ላይ የሚሰካውም ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ነው።